ጽዋው ሳይከፈት የዋለበት ሚካኤል

ሁለት ጎልማሶች ተኮራርፈው እኔን ከቤቴ ሊያፈናቅሉኝ ነበር። ነገሩ ይኸው ነው፣ ሌላ የለውም። ዛሬ ሲነሳ እንስቅበታለን፤ ያኔ ግን ሳቅ የሚባል ነገር ከቤቴ ጠፍቶ ነበር። አንደኛው ባሌ አድማሴ ነው። ሁለተኛው የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር ወልደ ዮሐንስ። ሁለቱንም ጎን ለጎን አቁሜ በልምጭ ብላቸው ደስታዬ ነበር፤ ግን ምን ላድርግ፣ አንዱ ባል፣ አንዱ አለቃ ሆነው ተገኙ።

ጊዜው የደርግ ነው። ከቡሬ ወጣ ብሎ፣ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው መንገድ ዳር አንድ የካቶሊክ ትምህርት ቤት ነበር፤ እዚያ ነበርን። አድማሴን መንግሥት መድቦት እርሻ ያስተምራል። እኔ አቻምየለሽ ደግሞ ለልጃገረዶቹ ስፌትና የቤት አያያዝ አስተምራለሁ። ከመምህራኑ ገሚሱ ካቶሊክ ነው፣ ገሚሱ እንደኛ ኦርቶዶክስ። ስንጾም አብረን ጾመን፣ ስንፈታ አብረን የምንፈታ ሰዎች ነበርን። የልቅሶ ድንኳን ሲተከል ማን የየትኛው ቤተ ክርስቲያን ሰው እንደሆነ የሚጠይቅ አልነበረም።

የመምህራኑ ቤት ከትምህርት ቤቱ ግቢ ማዶ ነው። መካከላችን ወንዝ አለ፣ በላዩ የእንጨት ድልድይ። እኛና እነወልደ ዮሐንስ ግድግዳ የተጋራን ጎረቤቶች ነን። ሚስቱ ቻይነሽ ጨው ባለቀባት ጊዜ ግድግዳውን ታንኳኳለች፤ እኔም እሳት ሲጠፋብኝ አንኳኳለሁ። ወልደ ዮሐንስ ከዚያው ከቡሬ አካባቢ ከአዊ ቤተሰብ የተወለደ ሰው ነው፤ እናቱ ሲመጡ በአውንጅኛ እያወሩ ሲሳሳቁ በግድግዳው ይሰማኛል። አድማሴ የደምበጫ ልጅ ነው። ቅዳሜ ገበያ ሲሄዱ፣ ማታ ከሥራ ሲመለሱ፣ አንዱ ካለ ሌላው አለ። ቻይነሽና እኔ መቼ ነው ወደ ሚስቶቻቸው የሚመለሱት እያልን እናማቸው ነበር።

ያን ዓመት አረገዝኩ። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ አርግዤ ሁለቱንም ጊዜ አስወርዶኛል፤ ስለዚህ ደስታዬን አፍኜ፣ ለባሌ ብቻ ነግሬ፣ ለሌላ ሰው ትንፍሽ አላልኩም። አገራችን ጽንስ ገና ሳይጠና አይወራም። ከአድማሴ ሌላ ያወቁት ሲስተር እህተ ማርያም ብቻ ናቸው። ሲስተር መነኩሲትም ነርስም ናቸው፤ የትምህርት ቤቱን ክሊኒክ የሚይዙት እሳቸው ነበሩ። መርምረውኝ ሲጨርሱ እጄን ያዙና፣ በቅሎ ላይ መውጣት የለም፣ የጭነት መኪና የለም፣ እንስራ መሸከም የለም፣ እስክትገላገይ ድረስ ከዓይኔ አትራቂ አሉኝ። እሺ አልኩ። ልጅ ካገኘሁ ምን ቆርጦኝ እርቃለሁ።

ጥሉ የጀመረው የገና ለት ነው፣ በቅርጫ። በየዓመቱ በሬ በጋራ ገዝተን እንካፈላለን። አራጁ ምንጊዜም አድማሴ ነበር። ለምን ሁልጊዜ እሱ ብሎ የጠየቀ የለም፤ ግን ሁላችንም እናውቀዋለን። ከባላገር የሚመጡ ዘመዶቻችን ካቶሊክ ያረደውን ሥጋ ሲያዩ ፊታቸው ይጠቁራል። ወልደ ዮሐንስም ያውቃል። አውቆ እንዳላወቀ ሆኖ ሳህን ያቀብል ነበር።

በዚያ ገና ግን አድማሴ ቢላውን በሁሉ ፊት ለወልደ ዮሐንስ ሰጠው። ዘንድሮ አንተ ባርክልን አለው። ሰው ሁሉ ቀጥ አለ። ከዚያ ቻይነሽ እልል አለች፣ እኔም ተከተልኳት። ወልደ ዮሐንስ ቢላውን ሲቀበል ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። አማትቦ፣ በስመ አብ ብሎ አረደ። ሲገፈፍ፣ ሲበለት፣ ሲመደብ ፊቱ ላይ የነበረውን ደስታ ዛሬም አልረሳውም። ሁሉም ነገር ሲያልቅ ከሽንጡ አንድ ጉርሻ የምታህል ቆረጠ፣ አዋዜ ነካ አደረጋትና የመጀመሪያዋን ለአድማሴ ዘረጋለት።

አድማሴ ፊቱን አዞረ። ይቅርብኝ አለ።

ጉርሻ እኮ ነው። በሰው ሁሉ ፊት፣ ቢላውን ራሱ ሰጥቶት፣ በሬውን አስባርኮት፣ ጉርሻውን እንቢ አለው። የወልደ ዮሐንስ እጅ እንደተዘረጋ ቀረ። ቆይቶ ጉርሻውን ሳህኑ ላይ መለሰና እጁን ታጠበ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሁሉም ያሰበው አንድ ነገር ነው። አድማሴም ለካ እንደዘመዶቹ ነው ብለው አሰቡ።

ቤት እንደገባን ያዝኩት። ምን ሆነህ ነው ይህን ሰው እንዲህ የምታዋርደው አልኩት። ሆዴን አሞኛል አለ። ኮሶ ሳይኖርብኝ አይቀርም አለ። እንግዲያው ሂድና ለሰውየው ንገረው፣ ግድግዳ ነው የሚለያችሁ አልኩት። ነገ እነግረዋለሁ አለ። እኔም ሞኟ ኮሶ አስፈልጌ፣ ወቅጬ፣ በጥብጬ አጠጣሁት። እሱም ሳያቅማማ ጭልጥ አድርጎ ጠጣና ቀኑን ሙሉ ሲያጣድፈው ዋለ። የኛን ድርሻ ሥጋ ዘልዝዬ ቋንጣ አደረግሁት። ጥሬው ይሸተኝ ነበር፣ ቋንጣው ግን አማረኝና ብቻዬን ጨረስኩት።

ነገ እነግረዋለሁ ያለው ነገ ሳይመጣ የውይይት ቀን መጣ። በዚያን ጊዜ በየሳምንቱ ተሰብስበን እንወያያለን። ከቀበሌ ካድሬ ይመጣና ሂስና ግለ ሂስ ይባላል። ወትሮ ስለ ጽዳትና ስለ ችግኝ አውርተን እንበተናለን። ያን ቀን ወልደ ዮሐንስ ተነሳ። በመካከላችን ሃይማኖትን ለመከፋፈያ የሚጠቀም ጓድ አለ ብሎ ተቀመጠ። ስም አልጠራም። ካድሬው ቀና ብሎ ዙሪያውን ቃኘን። ያን ዘመን የኖረ ያውቃል፤ እንዲህ ያለች ቃል ሰውን ከቤቱ አውጥታ የምታደርስበት አይታወቅም።

ከዚያ ወዲያ ሆድና ጀርባ ሆኑ። ድልድዩ ላይ ሊገናኙ ሲሉ አንዱ ወንዙ ዳር ቆሞ ጫማውን የሚያጠብቅ ይመስላል፣ ሌላው እስኪሻገር። መምህራን ማረፊያ አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል። የእርሻው ክፍል የሚፈልገውን መሣሪያ አድማሴ በተማሪ ያስጠይቃል፣ ወልደ ዮሐንስም በተማሪ ይልካል። ሲስተር እህተ ማርያም አንድ ቀን ሁለቱንም ለጸሎት ጠሯቸው። መጡ። ጸለዩ። አሜን አሉ። ከዚያ አንዱ በፊት በር፣ አንዱ በጓሮ በር ወጥተው ሄዱ። ሲስተር ይህን ሲነግሩኝ ሳቁም ንዴቱም አንድ ላይ መጣባቸው።

ቻይነሽና እኔም መጀመሪያ ላይ ግድግዳውን ማንኳኳት ትተን ነበር። አንድ ቀን ጨው አለቀብኝ። ተቀመጥኩ፣ ተነሳሁ፣ ከዚያ ደሜ ፈላና ደበደብኩት። ቻይነሽ ጨው ይዛ እየሮጠች መጣች። ምነው ዘገየሽ አለችኝ። ሆዷ ባብቶ ነበር፣ የኔም እንደዚያው። ባሌ ሆዱን አሞት ነው ብዬ ማልኩላት። ቻይነሽ አንገቷን ደፋች። አቻሜ፣ ሆዱን ያመመው ሰው ጠላውን ሲጠጣ ባቄላውን ሲቆረጥም አይተነው የለም እንዴ አለችኝ። እውነቷን ነው።

በፋሲካ አድማሴ ብቻውን ደምበጫ እናቱ ዘንድ ሄደ። እኔ መንገድ ተከልክያለሁ። ከዚያ በኋላም ሥጋ አማረኝ ብሎ አያውቅም። እኔም ሽታው ስለሚያቅለሸልሸኝ ባይጠይቀኝ ደስ አለኝ እንጅ ለምን ብዬ አልጠየቅኩም።

ግንቦት ላይ ሆዴ ገፍቶ አገር ሁሉ ሲያውቀው አድማሴ አስቀመጠኝና፣ ወደ ፈረስ ቤት ከተማ እንዲያዛውሩኝ አመልክቼ ተፈቅዶልኛል፣ ትምህርት ሲዘጋ እንሄዳለን አለኝ። ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። በምን ልትወስደኝ ነው አልኩት። እስከ ደምበጫ በጭነት መኪና፣ ከዚያ ክረምቱ መንገዱን ከዘጋው በበቅሎ፣ ቀስ ብለን እናዘግማለን አለ። በቅሎ። ሲስተር አትውጪ ያሉኝን በቅሎ፣ አትሳፈሪ ያሉኝን መኪና። እዚያ ደግሞ ሲስተር የሉ፣ ቻይነሽ የለች፣ የማንኳኳው ግድግዳ የለ።

አለቀስኩ፣ ሰደብኩት፣ እግሩ ላይም ወደቅኩ። እሱ ግን ጥርሱን ነክሶ፣ በአንዲት ቃል ሊያስበላኝ ከነበረ ሰው አጠገብ ልጄን አላሳድግም አለ። ፍርሃቱ እውነተኛ ነበር። እኔ ግን የያዝኩት ሦስተኛ ጽንስ ነው። ይኸኛው ከሄደብኝ አራተኛ እንደማይኖር ልቤ ነግሮኛል።

እንግዲህ ጽዋውን ልንገራችሁ። የትምህርት ቤቱ ሰዎች የሚካኤል ጽዋ ማኅበር ነበረን፤ ካቶሊኩም ኦርቶዶክሱም አብሮ የሚጠጣው። ለቀበሌ መረዳጃ ነው ብለን ስላስመዘገብነው ማንም አልነካንም። በየወሩ በአስራ ሁለት ባለተራው ቤት እንሰበሰባለን። ጠላው የተሞላበት ጽዋ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ይቀመጣል፣ ይጸለያል፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ ከጽዋው በየተራ እንቀምሳለን። ሲያበቃ ያበላው ሰው ጽዋውን በእጁ ለሚቀጥለው ባለተራ ያስረክባል። የማኅበሩ አለቃ ሙሴ ይባላል። የኛ ሙሴ ጋሽ ቢሰጥ ናቸው፣ የትምህርት ቤቱ አናጢ፣ ሽማግሌ። አንድ ሕግ አለን፤ አባሎች ተጣልተው ካሉ ታርቀው እንጅ ጽዋው አይከፈትም።

ታዲያ እነዚህ ሁለት ጉዶች ከገና ወዲህ ምን ያደርጋሉ መሰላችሁ። አንድ ወር አንዱ ይመጣል ሌላው ይቀራል፣ በሚቀጥለው ወር ይቀያየራሉ። ሁለቱ አንድ ላይ ስላልተገኙ ጋሽ ቢሰጥም እንዳላዩ አለፉት። የሰኔ ሚካኤል ግን መሸሻ አልነበረውም። ተረኛው ወልደ ዮሐንስ ነው፣ ከእሱ እጅ የሚረከበው ደግሞ አድማሴ። እንዲህ እንዲገጥም ያደረገ ሚካኤል ራሱ ነው እላለሁ እኔ።

አድማሴ፣ ወደ ጽዋው እሄዳለሁ፤ ግን አገር የምለቅ ሰው ነኝና ተራዬን ለሌላ ስጡልኝ ብዬ ጽዋውን ሳልቀበል እመለሳለሁ ሲል ሰማሁት። ወዲያው ነጠላዬን ለብሼ ጋሽ ቢሰጥ ዘንድ ሄድኩ። እንጨት ሲልጉ አገኘኋቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው። እሳቸው መላጊያውን አስቀምጠው፣ ልጄ፣ እኔም ዓይን አለኝ፤ ግን ተጣልተዋል ብሎ በማኅበሩ ፊት የሚመሰክር ሳይኖር ጽዋ አልዘጋም አሉኝ። እኔ እመሰክራለሁ አልኳቸው። በባልሽ ላይ አሉ። በባሌም በአለቃዬም ላይ አልኩ። ትንሽ አዩኝና መላጊያውን መልሰው አነሱ።

የሰኔ ሚካኤል ዝናብ ከጧት ጀምሮ ቆርቆሮውን ይደበድበው ነበር። እነወልደ ዮሐንስ ቤት ሞልተን ተቀመጥን። ሲስተር እህተ ማርያምም መጥተው ከኔ አጠገብ ተቀምጠዋል። አድማሴ በሩ ጥግ፣ ለመውጣት በሚመቸው ቦታ ነው። ቻይነሽ የጋገረችው ዳቦ በኮባ ቅጠል ተሸፍኖ ቤቱን በመዓዛው ሞልቶታል። ጸሎት ደረሰ። ጋሽ ቢሰጥ እንደልማዱ፣ በመካከላችን የተቀያየመ ሰው አለ ወይ ብለው ጠየቁ። ሁሉም አንገቱን ደፋ። ደግመው ጠየቁ። ሆዴን በእጄ ደግፌ ተነሳሁ።

"አለ" አልኩ። "ባሌ አድማሴና የቤቱ ጌታ ተጣልተዋል። ከገና ጀምሮ አይነጋገሩም።"

አድማሴ እንደዚያ ያየኝ ጊዜ የለም። ቻይነሽ ከጓዳ ብቅ አለችና እውነቷን ነው አለች። ጋሽ ቢሰጥ ጨርቁን በጽዋው ላይ አስተካክለው አለበሱት። ዳቦውንም ወደ ጎን ገፉት። እንግዲህ አይከፈትም፣ አይቆረስም፣ ከዚህ ቤትም ማንም አይወጣም አሉና ጋቢያቸውን ተከናነቡ።

ተቀመጥን። ዝናቡ አባራ፣ ደግሞ ጀመረ። የሰዉ ሆድ ይጮሃል። አንዱ መምህር ጠላው ሊቆመጥጥ ነው ብሎ አጉረመረመ። ጋሽ ቢሰጥ፣ ቢቆመጥጥም ይቆምጥጥ አሉ። በመጨረሻ የተናገረው ወልደ ዮሐንስ ነው። ወደ አድማሴ ሳይሆን ወደ መሬቱ እያየ፣ ስንት ዓመት ቢላ ሳትሰጡኝ ሳህን ሳቀብል ኖርኩ፣ አልከፋኝም አለ። በዚያ ገና ቢላው ሲሰጠኝ ሰው ሆንኩ ብዬ ነበር። ጉርሻዬን ሲመልስብኝ ግን፣ ለካ ቢላውን የሰጠኝ የማርደውን ማን እንደሚጸየፈው ለሁሉም ሊያሳይ ኖሯል ብዬ ልቤ ተሰበረ አለ።

ጋሽ ቢሰጥ ወደ አድማሴ ዞሩና መልስ አሉት። አድማሴ ዝም። ደገሙለት። ዝም። እዚህ ላይ ትዕግስቴ አለቀ።

"ተናገር እንጅ" አልኩት። "በዚህ ዝምታህ ነው ልጄን ፈረስ ቤት መንገድ ላይ ልታስጥለኝ የተነሳኸው? ንቀኸው ከሆነ ንቄዋለሁ በል። ካልሆነም ምን እንደሆንክ እዚሁ ንገረን።"

አድማሴ ቀስ ብሎ ተነሳ። ዓይኑ ከኔ ላይ ነበር።

"ስላንቺ ነው" አለኝ። "ሁለቱ ከሄዱብን በኋላ ሦስተኛውን እንዲያቆይልኝ ለሚካኤል ተሳልኩ። በሰላም እስክትገላገይ ሥጋ አልቀምስም፣ ቢላም አልይዝም ብዬ። ቢላውን የሰጠሁት እኔ ስለማልይዘው ነው፣ ከሱ ሌላ የምወደውም ስለሌለ። ጉርሻውን ግን... ገና ያልጠናውን ጽንስ በሰው ፊት ምን ብዬ ላውራ? ነገ ለብቻው እነግረዋለሁ ስል እሱ ስብሰባ ላይ ተነሳ።"

እኔ ቆሜ ቀረሁ። ምን እንደተሰማኝ ልንገራችሁ፤ ላቅፈውም ላንቀውም ፈለግሁ። ሰባት ወር ሊሞላኝ ነው እኮ፣ ይህን ሁሉ ጊዜ ስለኔ ሥጋ እየተወ ለኔም አልነገረኝ። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝ።

"ታዲያ ኮሶውን ለምን ጠጣህ?" አልኩት።

አድማሴ አፈረ። "ምን ላድርግ" አለ፣ "ወቅጠሽ በጥብጠሽ አመጣሽው።"

መጀመሪያ የሳቁት ሲስተር ናቸው። አፋቸውን በእጃቸው ያዙ፣ አልሆነላቸውም። ከዚያ ቤቱ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ ቢሰጥ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ጥለው ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ኮሶ የጠጣ ሰው ያውቀዋል፤ ያለ ኮሶ ትል ኮሶ መጠጣት ሰማዕትነት ነው። እኔም ሆዴን ይዤ እየሳቅኩ አለቀስኩ። እንዲያውም ቋንጣውን የጨረስኩት እኔ ነኝ፣ ከወልደ ዮሐንስ እጅ እኔም ይኸኛውም በልተናል አልኩና ሆዴን አሳየኋቸው።

ወልደ ዮሐንስ ብቻ አልሳቀም። ተነሳ፣ ወደ ጓዳ ገባ፣ የቻይነሽን የወፍጮ መጅ ትከሻው ላይ ተሸክሞ ወጣ። በአገራችን የበደለ ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ ድንጋይ ይሸከማል። አንድ ርዕሰ መምህር በገዛ ቤቱ፣ በሥሩ በሚያስተምር ሰው ፊት ድንጋይ ተሸክሞ ሲቆም አይቼ አላውቅም። ከአድማሴ ፊት ተንበረከከ።

"ጉርሻውን በስህተት ነው የተረዳሁት፤ ስብሰባው ላይ ግን አውቄ ነው የተናገርኩት" አለ። "ካድሬው በኋላ ጠርቶኝ ስሙን ንገረኝ ብሎኝ ነበር። አልነገርኩትም። ቢሆንም በዚህ ጊዜ ስም ሳይጠራም ሰው ይጠፋል። ያን አውቃለሁ፣ ተናድጄ ተናገርኩት። ጥፋቴ ነው።"

አድማሴ ድንጋዩ እንዲቆይ አልፈቀደም። ከትከሻው ነጥቆ መሬት አስቀመጠው። ይቅር ለእግዚአብሔር አለ። ወልደ ዮሐንስም ይቅር ለእግዚአብሔር አለ። ተቃቀፉ፣ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ፣ እንደገና ተሳሳሙ፣ መላቀቅ አቃታቸው። ጋሽ ቢሰጥ ግን ገና አልጨረሱም ነበር። ጽዋውን በእጃቸው እንደሸፈኑ፣ ዝውውሩስ ብለው አድማሴን ጠየቁት። ሲስተር እጄን ጨበጡኝ።

አድማሴ ወደኔ ዞረ። ዝውውሩ ይቀራል፣ ነገውኑ ሄጄ ቀርቷል እላለሁ አለ። እኔም አብሬህ እሄዳለሁ አለ ወልደ ዮሐንስ። ያን ጊዜ ተቀመጥኩ።

ጋሽ ቢሰጥ ጨርቁን ገለጡ። ጠላው አልቆመጠጠም ነበር። እንዲያ የጣፈጠ ጠላ ጠጥቼ አላውቅም፤ ዳቦውም ቢሆን ለሁሉ አልበቃ ብሎ ቻይነሽ ቂጣ ጨመረችበት። ሲያበቃ ወልደ ዮሐንስ ጽዋውን በሁለት እጁ ለአድማሴ አስረከበ። ባለተራውን በእልልታ ቤቱ ማድረስ ወግ ነው፤ ቤታችን ግን ያው ከግድግዳው ማዶ ነው። ይህ አይበቃም ብለው በዝናብ ሰፈሩን ዞረው፣ ድልድዩን ተሻግረው ተመልሰው፣ በስብሰው ቤቴ ገቡ። ወለሌን ጭቃ በጭቃ አደረጉት።

ክረምቱ ገባ። የፍልሰታ ጾም ተፈታ፣ ሥጋ የቀመሰ ሁሉ ቀመሰ፤ አድማሴ ግን ስለቱ እስኪደርስ እንደጾመ ነው። ወልደ ዮሐንስም እሱ ካልበላ እኔም አልበላም ብሎ ሽሮ ሲበላ ሰነበተ። ቻይነሽ ሁለት ሞኞች ትላቸው ነበር። ከዚያ አንድ ጧት ምጥ ያዘኝ። ሌሊት በጣለው ዝናብ ወንዙ ሞልቶ ድልድዩን ወስዶታል። ሲስተርና ክሊኒካቸው ማዶ ናቸው። ጋሽ ቢሰጥ ከሁለት እንጨትና ከአንድ የጀንዲ ቆዳ ወዲያው ቃሬዛ ሠሩ። አድማሴ ፊቱን ያዘ፣ ወልደ ዮሐንስ ኋላውን። ቻይነሽ ጃንጥላ ይዛ ከጎኔ ወንዝ ገባች።

ውሃው እስከ ወገባቸው ደረሰ። ምጡ መጥቶ ሲለቀኝ የማየው ሰማዩንና የሁለቱን ጭንቅላት ነው። አድማሴ ቀስ በል እንጅ፣ ትገፋኛለህ ይላል። ወልደ ዮሐንስ አንተ ነህ የቆምከው፣ ተራመድ ይለዋል። ድንጋይ አለ፣ በግራ፣ የማን ግራ፣ ያንተ ግራ፣ እኔ ፊቴን ወዳንተ አላዞርኩ፣ የኔ ግራ ያው ያንተ ግራ ነው። ዝቅ አደረግከው፣ ከፍ አደረግከው፣ አንተን ብሎ የእርሻ መምህር፣ አንተን ብሎ ርዕሰ መምህር። ቻይነሽ ዝም በሉ፣ ሴትዮዋ ታምጣለች አለቻቸው። ማን ይሰማል። ማዶ ዳር ሲስተር ጩኸቱን ሰምተው፣ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ውሃው ውስጥ ቆመው ይጠብቁን ነበር።

ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ ሴት ልጅ ተገላገልኩ። እንደወጣች ጮኸች፣ ያውም ደህና አድርጋ። ሲስተር አጥበው፣ ጠቅልለው ደረቴ ላይ አኖሩልኝ። እኔ ጣቶቿን እያየሁ ሳለ የክሊኒኩ ግድግዳ ስስ ነውና ውጭ ያሉት ሁለቱ ይሰሙኛል። ልጅቷ መወለዷ ተነግሯቸው፣ እልልታው ተብሎ፣ አብረው አልቅሰው ሲያበቁ ወደ ነገራቸው ተመልሰዋል። ወንዙ መሀል ያዳለጠው ማን ነው፣ አንተ ነህ፣ እኔስ አላዳለጠኝም፣ ቻይነሽ ምስክር ናት፣ የሚስትህን ምስክርነት ማን ይቀበላል።

ሲስተር ተቆጡ። ሰው ወልዶ ተኝቷል፣ ሄጄ ዝም ላሰኛቸው ብለው ወደ በሩ ሲያመሩ ቀሚሳቸውን ያዝኩ።

"ይተዉአቸው ሲስተር" አልኳቸው። "እኔ የምፈራው ዝም ያሉ ለት ነው።"